ያላለቀ ተከታታይ መጽሐፍ ይጀመራል ወይስ እስኪያልቅ ይጠበቃል?

ጥያቄውን በአንድ የአንባቢዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳችው አንባቢ ሳታንዛዛ ነው የገባችበት። የወጣቶች የከተማ ፋንታሲ ነፍሷ ነው። ቫምፓየሩ፣ ጠንቋዩና መንፈሱ በድሮ ዘመን ቤተ መንግሥት ሳይሆን ዛሬ፣ ባቡርና ጭፈራ ቤት ባለበት ከተማ ውስጥ የሚኖሩበት ልቦለድ ማለት ነው። ችግሩ እነዚህ መጻሕፍት ለብቻቸው አይመጡም። ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት ሆነው ነው የሚመጡት። በመሃላቸው ደግሞ ዓመታት ያልፋሉ። የትሬሲ ዲዮንን «ሌጀንድቦርን» በ2020 ገና ትኩስ ሳለ አነበበችው። ሁለተኛው ቅጽ በ2022፣ ሦስተኛው በ2025 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሦስተኛው እጇ ሲገባ ማን የማን ወገን እንደነበር ጠፍቶባታል። ስለዚህ ከእንግዲህ የመጨረሻው ቅጽ ሳይወጣ የመጀመሪያውን ላለመንካት ቆርጣለች። ሌሎቻችን እንዴት እንደምናደርግ፣ እሷስ ልክ መሆን አለመሆኗን ጠየቀች።

ክሩ፣ ማለትም በጥያቄዋ ሥር የተደረደረው የምላሽ ሰንሰለት፣ ረዘመ። በጨዋ ደንብ ተጀምሮ መሃል ላይ ጦፈ። ከዚያ መንገዱን ስቶ ብዙ ዞረ። እኔ ጉዳዩ የሚያገባኝ አንባቢ ነኝና ጸሐፊዎቹን በምላሻቸው ቁጥር እየጠራሁ በየተራ ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 እህቴ እያለ ሙሉ በሙሉ ደገፋት። ተከታታዩን በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ሌላም ጥቅም አለው አለ። ደራሲው አንደኛው ቅጽ ላይ እንደ ዋዛ የጣላት ዘር አራተኛው ላይ ስትበቅል የምትታየው ሳያቋርጥ ላነበበ ሰው ነው። ቁጥር 2ም ተስማማች፤ የተለየ ነገር ግን አልጨመረችም።

ቁጥር 3 በትሕትና ለየት አለ። ለእሱ መጠበቁ ራሱ የንባቡ ግማሽ ነው። የካሳንድራ ክሌርን የሻዶውሀንተርስ (የአጋንንት አዳኞች) መጻሕፍት የተከታተለው እየወጡ ነው። አንዱ ቅጽ አልቆ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ያነበበውን ተመልሶ ይፈትሻል። ያኔ ያገኛቸው የንባብ ጓደኞቹ ዛሬም አብረውት አሉ። ሁሉም ቅጽ መደርደሪያ ላይ ከሞላ በኋላ የሚመጣ አንባቢ ግን ግምቱን የሚይዘው ለአንድ ሌሊት ነው። ገጹን ገልብጦ መልሱን ያገኘዋልና። ይህን ምላሽ ወደድኩት። ግምት ያለው አንባቢ መጽሐፉን የሚያነበው በጥንቃቄ ነው፤ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር እንደ ማስረጃ ይይዛታል።

ቁጥር 4 ወደ ተግባር መለሰችን። መጠበቁን ትችለዋለች፤ መርሳቱን ግን እንዴት ታድርገው? ቁጥር 5 የራሱን ዘዴ አካፈለ። አንድ ቅጽ በጨረሰ ቁጥር፣ መጽሐፉን ቦታው ሳይመልስ፣ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይጽፋል። ማን በሕይወት አለ? ማን የማንን ምስጢር ያውቃል? ማን ለማን ቃል ገብቶ ገና አልፈጸመም? አስማቱ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም? ቀጣዩ ቅጽ ሲመጣ ያቺን ገጽ አንብቦ ይገባበታል። ቁጥር 6 የቀደመውን ቅጽ የመጨረሻ ምዕራፎች ደግማ ታነባለች። ቁጥር 7 ደግሞ ሙሉውን በድምፅ መጽሐፍ ይሰማዋል፣ እጁ ሥራ ላይ እያለ።

የቁጥር 5ን ዘዴ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በተለይ የመጨረሻዋን ጥያቄ። የገጸ ባሕርይ ስም ቢጠፋባችሁ ደራሲዋ ሁለት ገጽ ሳትሄድ ታስታውሳችኋለች። የአስማቱ ሕግ ከጠፋባችሁ ግን ጀግናዋ ለምን እንደተሸነፈች አይገባችሁም። አድናቂዎች ስለ ተከታታዩ በሚያጠናቅሩት የኢንተርኔት መዝገብ፣ ዊኪ በሚባለው፣ ማጠቃለያ ፈልጎ መግባት ደግሞ አደጋ አለው። ዊኪውን የጻፉት የመጨረሻውን ቅጽ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። የአንዷን ስም ለማስታወስ ስትገቡ አሟሟቷን አንብባችሁ ትወጣላችሁ።

ቁጥር 8 ሲመጣ ነገሩ ከበደ። ይህች አንባቢ የቆየች ናት። የኤል ጄ ስሚዝን «ናይት ወርልድ» ታስታውሳለች። ከ1996 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ዘጠኝ መጻሕፍት ወጡ። ቫምፓየሮች፣ ጠንቋዮችና ቅርጽ ቀያሪዎች በሰው መሃል ተደብቀው የሚኖሩበት ዓለም ነው። ታሪኩ ሁሉ ወደ ሚሊኒየሙ መባቻ፣ ወደ አንድ ትልቅ ጦርነት ይገሰግሳል። የሚዘጋው አሥረኛው መጽሐፍ ነበር፤ ስሙም «ስትሬንጅ ፌት» ተብሎ ተነግሯል። አልወጣም። ሚሊኒየሙ መጣ፣ አለፈ። ዘጠኙ መጻሕፍት በ2008 እና በ2009 ሦስት ሦስቱ እየተጠረዙ እንደገና ሲታተሙ አዲስ ትውልድ አነበባቸው፤ ተስፋውም አብሮ ታደሰ። ደራሲዋ በ2025 አረፈች። አሥረኛው መጽሐፍ አሁንም የለም። ቁጥር 8 ከዚህ በኋላ ያላለቀ ነገር እንድትጀምር ማንም እንዳይመክራት ለመነች። በቁጣ አይደለም የጻፈችው፤ በሐዘን ነው።

ቁጥር 9 ግን ጠቃሚ እርማት ይዞ መጣ። ዘጠኙን መጻሕፍት አንብቧል፤ አልተቆጨም። ምክንያቱም «ናይት ወርልድ» ላይ እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ጥንድ ፍቅረኞች፣ የራሱ ጠላት፣ የራሱ መጨረሻ አለው። ያላለቀው ትልቁ ጦርነት ነው። ትናንሾቹ ታሪኮች አልቀዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ተከታታዩ አልቋል ወይ ሳይሆን፣ ይህ ቅጽ በራሱ ይዘጋል ወይ የሚለው ነው አለ። ከክሩ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ሐሳብ ይኼ ነው። እየተከታተልኩ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያናደዱኝ መጻሕፍት ያላለቁት አይደሉም። ጀግናዋን ገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥለው፣ ምንም ጥያቄ ሳይመልሱ፣ ቀሪውን በቀጣዩ ቅጽ የሚሉት ናቸው። ልብ ማንጠልጠል መብት ነው። ግን አንድ ነገር ዘግቶ፣ ሌላ በር ከፍቶ ነው መሆን ያለበት።

ከዚህ በኋላ ክሩ መስመር ሳተ። ቁጥር 10 ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ የተጀመረው በ2005 ከቫምፓየር ፍቅር ማዕበል ጋር ስለሆነ ገና ልጅ ነው፣ ደራሲዎቹም ተከታታይ መዝጋት ገና አልለመዱም የሚል ነገር ጻፈ። ቁጥር 11 ሳያነቡ መናገር ምን ይሉታል ብሎ ዘለፈው። ቁጥር 12 ግን በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስላሉ፤ ረጋ ብለው አስረዱ። በ1986 ቴሪ ዊንድሊንግ አሰናድታ ባወጣችው «ቦርደርላንድ» የተባለ የአጫጭር ታሪኮች መድበል ውስጥ፣ ከቤት የኮበለሉ ወጣቶች በሰውና በኤልፎች ዓለም ድንበር ላይ ባለች ከተማ ይኖራሉ። በ1987 ኤማ ቡል የተረት ፍጡራንን ጦርነት ሚኒያፖሊስ ከተማ መሃል አወረደችው፤ ጀግናዋም የሮክ ዘፋኝ ናት። ሆሊ ብላክ «ታይዝ»ን ያወጣችው በ2002 ነው፤ የቫምፓየሩ ማዕበል ከመምጣቱ ሦስት ዓመት በፊት። እሳቸው ይህን ሁሉ ያወሩት ማንንም ሳያሳፍሩ ነው። ቁጥር 10 ተመልሶ አመሰገናቸው።

ቁጥር 13 እግረ መንገዷን ሌላ ነገር አነሳች። ከእነዚህ መጻሕፍት ስንቶቹ እውነት ከተማ ውስጥ ናቸው? ብዙዎቹ ጫካ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚካሄዱ ናቸው። ታዲያ የከተማ ፋንታሲ ማለት ምን ማለት ነው? ቁጥር 14 የሕንፃው ብዛት ሳይሆን የዘመኑ ነገር ነው አለ፤ ስልክና ትምህርት ቤት ባለበት ዓለም ጎን የተደበቀ ሌላ ዓለም ካለ ይበቃል። ቁጥር 15 አልተዋጠላትም። ከተማው ተነስቶ ሌላ ከተማ ቢተካ ታሪኩ ካልተበላሸ፣ ያ ከተማ ጌጥ ነው ባይ ናት። ምሳሌዋ የዳንኤል ሆሴ ኦልደር «ሻዶውሼፐር» ነው፤ በ2015 የወጣ። ብሩክሊን ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ፊቶች እየደበዘዙ ነው። ከአንዱ ፊት ላይ እንባ ሲወርድ ሲየራ የምትባለው ልጅ ታያለች። አስማቱ ያለው መንፈስን ከሥዕል ጋር ማገናኘት ላይ ነው። ሰፈሩ እየተቀየረ፣ ነባሮቹ ነዋሪዎች እየተገፉ ነው። ከዚያ ሰፈር ካወጣችሁት አስማቱም ታሪኩም አብሮ ይወጣል።

በዚህ ነገር ከቁጥር 15 ጋር ነኝ። ግን ከከተማውም በላይ ዘውጉን የሚሸከመው ዕድሜ ይመስለኛል። የጆናታን ስትራውድን «ሎክውድ ኤንድ ኮ» ውሰዱ። ለንደን በመናፍስት ተወርራለች። መናፍስቱን በደንብ ማየትና መስማት የሚችሉት ልጆች ናቸው፤ ሲያድጉ ችሎታው ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ቢሮ ቁጭ ብለው ያዛሉ፣ ልጆቹ በሌሊት ሰይፍ፣ ብረትና ጨው ይዘው ይሄዳሉ። ዘውጉ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። አዋቂዎች የማያዩትን አደጋ የሚያይ ልጅ። ብናገር ማን ያምነኛል የሚል ልጅ። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ይህን ስሜት የማያውቅ ማን አለ? ለዚህ ነው በትልቅነታችንም እነዚህን መጻሕፍት የማንለቃቸው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ፤ አንዲት ልጅ ከእኔ በተሻለ አስቀምጣዋለች።

ቁጥር 16 ወደ ዋናው ጥያቄ ጎትቶ መለሰን። አነጋገሩም ጠንከር ያለ ነበር። ሁሉም ሰው እስኪያልቅ ልጠብቅ ካለ ምንም አያልቅም አለ። አሳታሚ ሦስተኛውን ቅጽ በስንት ኮፒ እንደሚያትም የሚወስነው የሁለተኛውን ሽያጭ አይቶ ነው። ማስረጃ ብሎ ያመጣው የማጊ ስቲፍቫተርን ታሪክ ነው። ደራሲዋ ራሷ በ2017 የተናገረችው ነው። ባለ አራት ቅጽ ተከታታይ ነበራት፤ የመጀመሪያው በ2012 ወጣ። የሦስተኛው ቅጽ ሽያጭ ሲወርድ አሳታሚው የአራተኛውን የሕትመት መጠን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ሆነ። እሷ ግን አንባቢዎቿ እንዳልቀነሱ ታያለች፤ የሚያነቡት ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወረውን የተሰረቀ ፒዲኤፍ ነበር። ስለዚህ አራተኛው ቅጽ «ዘ ሬቨን ኪንግ» በ2016 ሲወጣ ከወንድሟ ጋር አንድ ፒዲኤፍ አዘጋጁ። ርዝመቱ እንደ እውነተኛው መጽሐፍ ነው። ውስጡ ግን የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች እየተደጋገሙ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ስርቆቱ ጉዳት አጭር ማስታወሻ። ወንድሟ መጽሐፉ በወጣበት ሌሊት በየመድረኩ በተነው። ሰዎች እውነተኛውን ፒዲኤፍ ሲያጡ መጽሐፉን ገዙ። የመጀመሪያው ሕትመት በሁለት ቀን አለቀ።

እዚህ ላይ ነው የጦፈው። ቁጥር 17 ፒዲኤፍ የሚያነብ ሁሉ ሌባ ተደርጎ መቆጠሩ አስቆጣት። መጽሐፉ እሷ ጋ አይደርስም፤ ቢደርስም ከዓመት በኋላ ነው። ማንበብ ተከልክሎ የሚሻለው ማን ነው? ቁጥር 18 ሰበብ ነው ብሎ ቆረጠ። ቁጥር 19 ቁጥር 18ን ደግሞ ሆድህ ሞልቶ ነው የምታወራው አለው። ሁለቱ ለተወሰነ ጊዜ ተወራረፉ። ቃላቱን ብተወው ይሻላል። ቁጥር 20 ቤተ መጻሕፍት የሚባል ነገር እንዳለ አስታወሰች። አንባቢ ሲጠይቅ ቤተ መጻሕፍት ይገዛል፤ ያም ሽያጭ ነው። መግዛት የማይችል ሰው ደግሞ ስለ መጽሐፉ መጻፍ፣ ለጓደኛ መንገር፣ ውይይቱን በሕይወት ማቆየት ይችላል። ያን ያህል ስድብ መሃል እንዲህ በጎ ነገር መናገሯ አስደሰተኝ። የቁጥር 17 ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ነው የታለፈው። ተከታታዩን የሚወድ፣ ግን መጽሐፉ የማይደርሰው አንባቢ አለ። አሳታሚዎች የሚያትሙትን ሲቆጥሩ እሱን አያዩትም። እሱን ሌባ ብሎ መጥራት መጽሐፉን አያደርስለትም።

ባለ ጥያቄዋ ገብታ ማንንም ለመክሰስ እንዳልጻፈች ተናገረች። መጽሐፍ ትገዛለች። የምትጠይቀው መቼ እንደምታነብ ነው። ቁጥር 16 ለዚህ የሰጣት መልስ ጥሩ ነው። ግዥና አስቀምጪው አላት። አንደኛው ቅጽ ሲወጣ ገዝታ፣ ሁሉም እስኪሟላ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ትችላለች። አሳታሚው የሚያየው ሽያጩን እንጂ የንባብ ቀኗን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ቁጥር 22 አዲስ አንባቢ ነው፤ የካሳንድራ ክሌርን መጻሕፍት በየትኛው ቅደም ተከተል ልጀምር አለ። የታሪኩ ዘመን ሲታይ መጀመሪያ የሚመጡት በ1878 ለንደን ላይ የሚካሄዱት ሦስቱ ናቸው። ከእነሱ ይጀመር? ቁጥር 23 አዎ አለች፤ ታሪክ ከመጀመሪያው ነው የሚነበበው። ቁጥር 24 በፍጹም አለ። የወጡበትን ቅደም ተከተል ይዞ ረድፉን ዘረዘረ። በ2007 የኒው ዮርኩ አንደኛ ቅጽ «ሲቲ ኦፍ ቦንስ»። በ2008 እና በ2009 ተከታዮቹ ሁለት። በ2010 የለንደኑ አንደኛ ቅጽ «ክሎክወርክ ኤንጅል»። ከዚያ ሁለቱ ተከታታዮች እየተፈራረቁ ሄደው የለንደኑ በ2013፣ የኒው ዮርኩ በ2014 ይዘጋሉ።

እኔም በወጡበት ቅደም ተከተል እላለሁ፤ ምክንያቱ ልማድ አይደለም። «ሲቲ ኦፍ ቦንስ» ላይ ጀግናዋ ክላሪ ስለዚያ ዓለም ምንም አታውቅም። ጭፈራ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የማያየውን ግድያ ታያለች፤ ከዚያ አንድ በአንድ ትማራለች። አንባቢም አብሯት ይማራል። የለንደኖቹ ሲጻፉ ደራሲዋ አንባቢዎቿ ቀድመው የሚያውቁት ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ጨዋታዋም እዚያ ላይ ነው። ከለንደን የጀመረ ሰው የኒው ዮርኩ ላይ ሊደነግጥበት የሚገባውን ነገር ቀድሞ አውቆ ይመጣል። በሌላ በኩል በ2020 የተጀመረውን፣ በ1903 ለንደን ላይ የሚካሄደውን ሦስት ቅጽ አስቀድሞ ማንበብ ጭራሽ አይሆንም። የ1878ቱ ታሪክ እንዴት እንዳለቀ ከመጀመሪያ ገጾቹ ይታወቃል።

ቁጥር 25 ይህንኑ ለማስረዳት ብሎ የአንዱን ተከታታይ መጨረሻ እንዳለ አፈሰሰው። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ። ቁጥር 26 ጮኸች። ቁጥር 27 መጽሐፉ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እስከ መቼ ነው ዝም የሚባለው አለ። ቁጥር 22 አዲስ አንባቢ መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ ገና ሊጀምር ነው። የዓመቱ ብዛት ለእሱ ምንም አይደለም። እሱ ዛሬ ነው የሚያነበው። ቁጥር 25 ጽሑፉን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። ደግ አደረገ። ቁጥር 27 ግን አቋሙን አልለወጠም፤ ሌሎቹም ከዚያ በኋላ አላናገሩትም።

ቁጥር 28 ስለ ፊልም ጻፈች። ባጭሩ ልለፈው። የክሌር መጽሐፍ በ2013 ፊልም ሆኖ አልቀጠለም። ከ2016 እስከ 2019 ደግሞ ሦስት ሲዝን የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። መቋረጡ በ2018 ሲነገር መዝጊያ የሚሆኑ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ተፈቀዱለት። «ሎክውድ ኤንድ ኮ» በ2023 ስምንት ክፍል ብቻ ታይቶ ቆመ። አምስቱ መጻሕፍት ግን ከ2017 ጀምሮ አልቀው ተቀምጠዋል። ድራማው ተቋርጦብኛል ብሎ ያዘነ ሰው ካለ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ አለለት።

ቁጥር 29 ወደ ኤል ጄ ስሚዝ ተመለሰ፤ የቁጥር 8ን ሐዘን አንብቦ ይመስለኛል። «ዘ ቫምፓየር ዳየሪስ» የእሷ ፍጥረት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት በ1991 ወጡ። ነገር ግን የጻፈችው መጽሐፉን ባዘጋጀው ድርጅት ትእዛዝ ስለነበር መብቱ የእሷ አልነበረም። በ2011 ተከታታዩ ከእጇ ተወሰደ፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ቀጠሉት። እሷ በ2014 አድናቂዎች በሚወዷቸው ገጸ ባሕርያት ላይ የጻፉትን ታሪክ በሚሸጡበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ እንደ ማንኛውም አድናቂ፣ የራሷን ገጸ ባሕርያት ታሪክ አወጣች። ቁጥር 29 ይህን የጻፈው አለቀ የሚባለው ነገር ማን ሲዘጋው እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። የስሟ ምልክት ሽፋኑ ላይ ሆኖ ሌላ ሰው የጨረሰው መጽሐፍ አልቋል? ለእኔ አላለቀም። የእሷን ሐሳብ ነበር የምከተለው። ቁጥር 30 ግን ገጸ ባሕርያቱን እስከወደደቻቸው ድረስ ማንም ይጻፋቸው አለች፤ ይህንንም የሚያምን አንባቢ ብዙ ነው።

ከዚያ ቁጥር 31 ሁሉንም የሚያስቀይም ነገር ጻፈ። ይህ ሁሉ ክርክር የትልልቅ ሰዎች ነው፤ መጻሕፍቱ የተጻፉት ለልጆች ስለሆነ ትታችሁ ዕድሜያችሁን የሚመጥን አንብቡ የሚል ነበር። ሁለት ሰዎች ተሳደቡ። ቁጥር 34 ግን የራሷን ዕድሜ ጠቅሳ ገባች። ከመጻሕፍቱ ጀግኖች እኩያ ናት። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስታነበን ነበር።

የጻፈችው በአጭሩ እንዲህ ነው። የክሌር የኒው ዮርኮቹ ስድስት መጻሕፍት ከ2007 እስከ 2014 ነው የወጡት። በ2007 አሥራ አምስት ዓመቷ የነበረች ልጅ እስኪያልቅ ብትጠብቅ ኖሮ በሃያ ሁለት ዓመቷ ትጀምረው ነበር። ያኔም ልትወደው ትችላለች። ግን ከክላሪ እኩያ ሆና አታነበውም። እሷ አሁን እኩያ ናት፤ ይህ ዕድሜ ደግሞ አይጠብቃትም። ስለዚህ ያላለቀውን ትጀምራለች፣ ቢቋረጥም ትቀበለዋለች። ቁጥር 31ንም ትልልቆቹ እንዲቆዩ ፈልጋ አነጋገረችው። ካለ እነሱ «ናይት ወርልድ» የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ትሰማለች?

ልጅቷ ልክ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ መርሳትና ስለ ሽያጭ ስንነታረክ የዘለልነው ይህን ነው። ለእኔ ቢጤ አንባቢ ተከታታይ መጠበቅ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ለእሷ ግን የሚያልፍ ነገር አለ። በሃያ ሁለት ዓመት የተነበበ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፍርሃት ትዝታ ነው። በአሥራ አምስት ሲነበብ ግን የዛሬ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እኔም ቁጥር 35 ላይ ገብቼ የጻፍኩት ይህን ነው። ወጣት ከሆናችሁ ዛሬ ጀምሩ፤ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፋችሁ ቀጥሉ። ትልቅ ከሆናችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ፤ ግን አንደኛው ቅጽ በወጣ ጊዜ ግዙት ወይም ቤተ መጻሕፍታችሁ እንዲገዛው ጠይቁ፤ እሷ የምታነበው ሁለተኛው ቅጽ እንዲኖር።

ቁጥር 36 የኒዲ ኦኮራፎርን መጻሕፍት አመጣ፤ ለዚህ ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። «አካታ ዊች» በ2011 ወጣ። ሰኒ ኒው ዮርክ ተወልዳ ናይጄሪያ፣ አባ ከተማ የምትኖር አልቢኖ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የነብር ሰዎች ከሚባሉት ከስውሩ ማኅበረሰብ ወገን መሆኗን ታውቃለች። በዚያ ዓለም ገንዘብ የሚገኘው በእውቀት ነው፤ አዲስ ነገር በተማርሽ ቁጥር የብረት ዘንግ ከሰማይ እግርሽ ሥር ይወድቃል። ሁለተኛው ቅጽ ለመምጣት ስድስት ዓመት ፈጀ፤ በ2017 ወጣ። ሦስተኛው በ2022። ሰኒ በየቅጹ ታድጋለች። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ተልእኮና የራሱ መጨረሻ ስላለው ስድስቱን ዓመት የጠበቀ አንባቢ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ አልነበረም። ቁጥር 36 በመጀመሪያው ቅጽ የሰኒ እኩያ የነበሩ አንባቢዎች ሦስተኛውን ሲያነቡ ትልልቅ ሰዎች እንደሆኑ አስልቶ ጻፈ። አንዳቸውም አዘኑ ብሎ ግን አያምንም።

ባለ ጥያቄዋ ተመለሰች። ሐሳቧን በግማሽ ቀይራለች። በየቅጹ የሚዘጉትን እየወጡ ታነባለች፤ አንጠልጣዮቹን ገዝታ ታስቀምጣለች። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ሳይነበብ እንዴት ይታወቃል ብላ ጠየቀች። ቁጥር 38 የመጀመሪያ አንባቢዎችን ግምገማ ማየት በቂ ነው አለ። የተናደደ አንባቢ መጨረሻው እንደተንጠለጠለ ሳይናገር አያልፍም። ቁጥር 39 የዴሪክ ላንዲን «ስከልደገሪ ፕሌዛንት» ከሚዘጉት መድባ ጠቆመቻት። አየርላንድ ውስጥ የምትኖር ልጅና አጽም የሆነ መርማሪ በየመጽሐፉ አንድ ጉዳይ ይይዛሉ። ዘጠነኛው በ2014 መጨረሻው ተብሎ ወጣ። በ2017 ደግሞ ደራሲው ተመልሶ ቀጠለው።

ቁጥር 40 ታዲያ አልቋል ሲባል የጀመረ ሰው ምን ይባል ብላ አዲስ ጥያቄ ከፈተች። ቁጥር 41 እስከ ዘጠነኛው አንብቢና እዚያ ቁሚ፣ ጥሩ መዝጊያ አለው አላት። ቁጥር 42 አትቁሚ አለ።